በቀይ ቀለም የጻፍኋቸው ሁለት ቃላት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ እየሳቀች ወደተቀመጥሁበት መጣች። የልጅ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት መልእክት ደርሷታል። ፎቶግራፉ ላይ ትንሿ ልጅ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ መዶሻ በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳንቃ ላይ ሚስማር ትመታለች። ከሥሩ "ልጅዎ ዛሬ በተግባር ትምህርት የወፍ ቤት ሠርታለች፤ እጇ የተባረከ ነው" ይላል። ልጄ ለባሏ ላከችው፤ ባሏ ለእናቱ፣ እናቱ ለእህታቸው ላኩት፤ ምሳ ሳይቀርብ ዘመድ ሁሉ አይቶ መረቀ። እኔም መነጽሬን አድርጌ አየሁና "እደጊ" አልሁ። ከዚያ በኋላ ግን የቀረበልኝን ምሳ መብላት አቃተኝ። ልጄ "አባዬ፣ ምነው? አመመዎት?" አለችኝ። አላመመኝም። እኔም በልጅነቴ፣ አንድ ልጅ በእጁ የሠራውን ለወላጆቹ የሚያበሥር ደብዳቤ ጽፌ አውቃለሁ። ያ ደብዳቤ ያደረሰውን ነገር ለእሷም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰማንያን ያለፈ ሰው ከእንግዲህ ማንን ይፈራል? ልናገር።

ጊዜው ጣልያን ወጥቶ፣ የሠራው መንገድና ሕንፃ ግን ገና ሳያረጅ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። የመጀመሪያዋ የካኪ ቁምጣዬ ዘመን ነበር። ጨርቁን አባቴ ከዓረብ ሱቅ አስለክቶ ገዛ፤ ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚውል ሰው ሰፋልኝ። ሰውዬው "ልጅ ያድጋል" ብሎ ከጉልበቴ በታች ስላወረዳት፣ ቁምጣ ትሁን ሱሪ ሳትለይ ሁለት ዓመት ለበስኋት። ዳቦ ቤቱ ጣልያን ትቶት በሄደው ምድጃ የሚያወጣው ክብ ዳቦ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ጠዋት ከቀሐ ወንዝ ወደ ላይ ስንወጣ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበለናል። ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ቆመን የማናየውን ፊልም ድምፁን በነፃ እንሰማለን። ከጠጅ ቤቶቹ መስኮት የክራር ዘፈን ሲወጣ እኛ የካህናት ልጆች ጆሯችንን በጣታችን ደፍነን እናልፋለን፤ ግጥሙን ግን አንድ ሳንስት እናውቀው ነበር። ዛሬ በዚያ በረንዳ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። በቀደም ባለፍሁ ጊዜ አንዱ ወጣት "ፋዘር፣ ምን ልስጥዎት?" አለኝ። ሰፊ እየፈለግሁ ነው አልሁት፤ የጃኬት መሸጫ አሳየኝ።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ዳዊት ደግሜ፣ ድጓ ልጀምር ስል ነው አባቴ መንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባኝ። ዘመዶቹ ልጁን ለፈረንጅ ሰጠኸው ብለው ሲያሙት "የቀለም ቀንድ ከሆነ የትም አይጠፋም" ይላቸው ነበር። ከቤተ ክህነት ይዤው የወጣሁት ሀብቴ ጽሕፈቴ ነው። ብርዕ ቀርጦ ብራና ላይ መጻፍ የለመደ እጅ፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ጨዋታ ይሆንለታል። ዲሬክተራችን ህንዳዊ ነበሩ፤ ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጃንጥላቸውን የማይጥሉ ቀጭን ሰው። በየመንፈቁ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቤተሰብ፣ ልጁ ምን እንደተማረና በእጁ ምን እንደሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ ይላክ ብለው ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ወላጅ የልጁን ውሎ ካላወቀ ትምህርት ቤቱን እንደ ወህኒ ቤት ያየዋል ይሉ ነበር። አስተማሪዎቹ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ደብዳቤው በሾፌርና በነጋዴ እጅ ወደ ኮላ ድባ፣ ወደ ትክል ድንጋይ፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ይሄዳል። እሳቸው ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ገበሬው አያነብም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ለደብሩ ቄስ ይሰጣል። ቄሱም እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ ለሰንበቴ ሲቀመጥ፣ ጠላው እየተቀዳ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ያነበዋል። ለአንድ ቤት የተጻፈውን ደብሩ በሙሉ ይሰማዋል ማለት ነው።

የእጅ ሥራ የምንማረው ጣልያን ማኪና ይጠግንበት በነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወለሉ በዘይት ጠቁሯል፤ ሞርሳው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ መሣሪያው ሁሉ ከነጣልያን ስሙ የቀረ ነው። አስተማሪያችን አቶ ታፈሰ ይባላሉ፤ ከሸዋ የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላቸው ሰው። አስተማሪ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ከተማሪ ጋር ሲያልበው ያየነው ያን ጊዜ ነው። እንደሌሎቹ አስተማሪዎች ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስገልብጠውን አይሄዱም፤ መጋዙን ይሰጡንና ስናጣምም ዝም ብለው ያዩናል። ሳንቃ አበላሽተን ስንደነግጥ "አበላሹት፣ ሌላ አለ" ይላሉ። በአዳራሹ በአንደኛው ጥግ የእንጨት ሥራ ነው። በሌላው ጥግ ከሰልና ወናፍ ያለበት የብረት ሥራ ነው፤ ወደዚያ እኛ የካህናት ልጆች ዝር አንልም። አባቴ አስቀድሞ አስጠንቅቆኛል። እንጨቱን ጥረብ፣ ጌታችንም ከአናጢ ቤት ነው ያደገው፤ ወናፉን ግን እንዳትነካ ብሎኛል።

ወናፉን የያዘው ፈንታሁን ጫኔ ነበር። ከወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ የእኔው እኩያ፤ ቀሐ አጠገብ ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ እናቱ በነጋዴ እጅ በምትልክለት በሶ የሚኖር። በንባብ ይንተባተባል፤ በሒሳብ መካከለኛ ነው። ብረት ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው። ከአሮጌ ማኪና ባሌስትራ ለትምህርት ቤቱ ዋና በር ማጠፊያ ሠራ፤ ዲሬክተሩ ደስ ብሏቸው ጃንጥላቸውን በብብታቸው ይዘው በሩን ደጋግመው ከፈቱት፣ ዘጉት። በዚያው ሳምንት የእኔ በርጩማ ቀረበ። አቶ ታፈሰ እስቲ ተቀመጥበት አሉኝ፤ ተቀመጥሁ፤ ከነበርጩማዬ ወደቅሁ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ፈንታሁን እጄን ይዞ እያነሣኝ "የመሪጌታ ልጅ እጅ ከመቋሚያ ሌላ እንጨት አያውቅም" አለ። ዛሬ ሳስበው ሸጋ ቀልድ ነው፤ እኔም ለልጆቼ ብነግራቸው እስቅበት ነበር። ያን ጊዜ ግን በሁሉም ነገር አንደኛ መሆን የለመድሁ ልጅ ነኝ። አንጀቴ አረረ።

የመንፈቁ ደብዳቤ ጊዜ ሲደርስ አቶ ታፈሰ በአዳራሹ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ ይነግሩኛል፤ እኔ አንድ አሮጌ ሣጥን ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ እጽፋለሁ። የፈንታሁን ተራ ሲደርስ ፊታቸው በራ። "ልጅዎ ፈንታሁን በብረት ሥራ ከክፍሉ አንደኛ ነው። የትምህርት ቤቱን በር ማጠፊያ የሠራው እሱ ነው። ባለ እጅ ልጅ ነው" አሉ። ብዕሬ ቆመ።

ለዛሬ ልጆች ላስረዳ። በእኛ አገር ያን ጊዜ ባለ እጅ የሚባለው ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው ሰው ነው፤ ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም። ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያሉ ያሙታል። ማረሻ ሲሰበር ደጁ ሄደው ይለምኑታል፤ ማረሻው ከተሳለ በኋላ ግን ከገበታው አይቀርቡም፣ ልጅም አይሰጡትም። ያለ አንዳች በደል በሰው ላይ የተለጠፈ ክፉ ስም ነበር፤ እኛ ደግሞ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ስለሆነ እውነት መሆኑን ጠይቀን አናውቅም። ከሁሉ የከፋው በዘር ይወረሳል መባሉ ነው። አንድ ልጅ ባለ እጅ ነው ከተባለ አባትና እናቱ፣ አያት ቅድመ አያቱ ሁሉ ናቸው ማለት ነው፤ ወንድምና እህቱን የሚያገባ አይገኝም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። "ጋሼ፣ ይህ ቃል በእኛ አገር ስድብ ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። አቶ ታፈሰ "ምን ሆነህ ቆምክ?" አሉኝ። "ቀለሙ ነው" አልኋቸው። ከፊቴ ሁለት ብልቃጥ ነበር፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ቀዩን ሳብሁ። ቤተ ክህነት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው ቀይ ቀለም የአምላክ፣ የእመቤታችንና የጻድቃን ስም የሚጻፍበት ነው፤ አንባቢ ቀዩ ላይ ሲደርስ ልብ ይላል። "ባለ እጅ" የሚሉትን ሁለት ቃላት በቀይ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየኳልሁ ጻፍኋቸው። አቶ ታፈሰ በትከሻዬ አጎንብሰው አዩና ጽሕፈቴን አደነቁ። ወረቀቱን ከተጻፉት ላይ ደረብሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ማለዳ ባንዲራ ሰቅለን ሳንበተን፣ ጥቁር ባና የደረበ ረጅም ሰው ዱላውን ይዞ ያንን ልጁ ማጠፊያ የሠራለትን በር ከፍቶ ገባ። የፈንታሁን አባት አያ ጫኔ ነበር። ወገራ አንድን ሰው አያ ብሎ ካከበረ ወዲያ አንቱታ አይጨምርምና እኔም እንደ አገሩ ልጥራው። ልጁ ሮጦ ሲሄድ አልሳመውም፤ ራሱን ዳበሰውና ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ አለፈ። ህንዱ አማርኛ ስለማይሰሙ አቶ ታፈሰ ተጠሩ፤ ጸሐፊው እኔም ተጠራሁ። አያ ጫኔ ደብዳቤውን ከጉያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሳይጮኽ፣ ቀስ ብሎ የሆነውን ነገረን። ቄሱ በሰንበቴ ሲያነቡ መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይመርቅ ነበር። ቀዩ ላይ ሲደርሱ የጻድቅ ስም መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ጠላ የሚቀዳው ሰው ማድጋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። በሚቀጥለው እሑድ ጽዋው የአያ ጫኔ ተራ ነበር፤ ሚስቱ የጠመቀችው ጠላ አንድም ሰው ሳይቀምሰው እንዳለ ወደ ቤት ተመለሰ። ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ደግሞ አንዷ ጎረቤቷ የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ሃያ ዓመት አብረው እሳት የተጫጫሩ ጎረቤታሞች ናቸው።

"ሰባት ቤት ዘሬን እቆጥራለሁ" አለ አያ ጫኔ። "ሰባት ቤት ሙሉ ገበሬና ቄስ ነው። አሁን ግን መንግሥት በወረቀት ጻፈው። ወረቀት የጻፈውን እኔ በአፌ እንዴት አድርጌ እፍቀዋለሁ? ልጄን ስጡኝና ልሂድ። ከበሬ ኋላ ይዋል፤ ትምህርቱ ሲቀር ወሬውም ይቀርልን እንደሆን።"

አቶ ታፈሰ ፊታቸው አመድ መስሏል። ለምስጋና ብዬ ነው፣ እኔ ባደግሁበት ቃሉ ምስጋና ነው አሉ። አያ ጫኔ ትኩር ብሎ አያቸውና፣ ክፉ ሰው እንደማይመስሉት ነገራቸው፤ ግን ነገሩ የተነበበው እዚህ ቢሮ አይደለም። በተነበበበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ይሻር፤ ያ ካልሆነ ልጁ ጎንደርን አያይም አለ። በሚመጣው እሑድ አዲስ ደብዳቤ ይዘን እንድንሄድ ተወሰነ። እስከዚያ ፈንታሁን ከአባቱ ጋር ይሄዳል። ደብተሮቹን በቦርሳው ከትቶ ሲወጣ በረንዳው ላይ ተገናኘን። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ሲያየኝ ጊዜ "ሐዲስ፣ ምነው? አንተ ምን አጠፋህ፤ የታዘዝኸውን ነው የጻፍኸው" አለኝ። እሱ እኔን አጽናንቶኝ ሄደ።

እሑድ ማለዳ ትሬንታ ኳትሮ በሚሉት፣ ጨው በጫነ የጣልያን ጭነት ማኪና ላይ ወጥተን ወደ ወገራ ተጓዝን። ለሁለታችን የከፈልነው አንድ ብር ነበር። ዛሬ ያን መንገድ በሚኒባስ ሳይነቃነቁ ያልፉታል፤ ያን ጊዜ ግን ጠመዝማዛው ላይ ማኪናው ሲያቃስት ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ጎን ጎን ይሮጣል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ እየበረታ ሄደ፤ የገብሱ ማሳ በጤዛ ነጥቷል፤ በጎች ግራና ቀኝ ተኝተዋል። አቶ ታፈሰ ኮታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። አይሆንም ብላቸው፣ እኔ በሸሚዝ መሥራት የለመድሁ ነኝ ብለው ሳቁ። በዚያ ሁሉ መንገድ አንዴም ስለ ደብዳቤው አላነሡም። እኔ ጨው ላይ ተቀምጬ፣ ዛሬ እናገራለሁ፣ እዚያ ስንደርስ እናገራለሁ እያልሁ ለራሴ እምል ነበር።

አዲሱን ደብዳቤ በጥቁር ቀለም ብቻ ነው የጻፍሁት። ፈንታሁን ትጉህ፣ አስተዋይ፣ ሙያ ያለው ልጅ ነው፤ ባለ እጅ የተባለው በስሕተት ነው ይላል፤ የዲሬክተሩ ፊርማና ማኅተም አለበት። ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ አጥር ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ቄሱ አባቴን በስም ያውቁት ኖሮ አቅፈው ሳሙኝና እንዳነብ መሀል አቆሙኝ። አነበብሁ። ጥቂት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አያ ባዬ የሚባል ነገረኛ ሽማግሌ ጭራውን እያወዛወዘ ተነሣ።

"አንዱ ወረቀት ነው አለ፤ አንዱ ወረቀት አይደለም አለ" አለ። "እኛ የትኛውን እንመን? ደግሞስ ሰው ሳያይ፣ ሳይሰማ፣ እንዲህ ያለ ቃል እንዴት ከአፉ ይወጣል?"

ሰው አጉረመረመ። አያ ጫኔ አቀረቀረ፤ ፈንታሁን ከኋላው ቆሞ የአባቱን ባና ጫፍ ይዟል። ሴቶቹ መሀል ያለችው እናቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። የምናገርበት ሰዓት ይህ ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ በቀልዱ ተቀይሜ በቀይ የጻፍሁት እኔ ነኝ ብል ያምኑኝ ነበር፤ የመሪጌታ ልጅ በራሱ ላይ አይዋሽም። አንዲት ነገር ብቻ ነበረች የምትቀረኝ፤ አፌን መክፈት። ወረቀቱን አጠፍሁት።

አቶ ታፈሰ ተነሡ። ኮታቸውን መልሼላቸው ነበርና ቁልፉን ቆለፉ።

"ቃሉ ከአፌ የወጣው ከአባቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ቃል ስለሆነ ነው" አሉ። "አባቴ ማረሻና ማጭድ ቀጥቃጭ ነው፤ አያቴም እንደዚያው። በእኛ ቤት ብረት ለታዘዘለት ልጅ፣ ባለ እጅ ሆንክ ይባልና ግንባሩ ይሳማል። ይህ ልጅ ሲሠራ አይቼ ደስ ቢለኝ፣ በቤቴ ቃል አመሰገንኩት። ባለ እጁ እኔ ነኝ። እሱ የአያ ጫኔ ልጅ ነው።"

 አጠገባቸው ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ትንሽ ፈቀቅ አሉ። አያ ባዬም፣ ሰውየው በገዛ አፉ ራሱን ከገለጠ ከዚህ በላይ ምስክር አንፈልግም ብሎ ተቀመጠ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አያ ጫኔን ይቅር በለን አሉት፤ አንድ በአንድ እየተነሡ ጉልበቱን ሳሙት። ከእሱ ቤት የመጣው ጠላ ተቀዳ፤ ሁሉም ጠጡለት። ሚስቱ እዚያው ቁጭ እንዳለች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የአያ ጫኔ ስም ጸዳ።

ከዚያ ገበታ ቀረበ። ለካህናቱ አንድ መሶብ፣ ለሽማግሌዎቹ አንድ መሶብ፤ ለአቶ ታፈሰ ለብቻቸው፣ ከአጥሩ ሥር፣ የገብስ እንጀራ በኮባ ቅጠል ላይ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ወጡም ከሌላው አላነሰባቸውም። ቅጠሉ ግን ሲበላበት የሚጣል ነው፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ፈንታሁን ያን ቀን ክብር ተሰጥቶት ከሽማግሌዎቹ መሶብ ተቀምጦ ነበር። ገና አንድ ጉርሻ ሳይበላ ተነሣ። ድርሻውን እንጀራ በእጁ ይዞ ግቢውን አቋርጦ ሄደና ከአስተማሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እንጀራውን ከቅጠሉ ላይ አኖረው።

ሰው ሁሉ አያ ጫኔን አየ። ከአንድ ሰዓት በፊት የተመለሰለት ስም እንደገና ሊያመልጠው ነው፤ ልጁን ተነሥ ቢለው ማንም አይፈርድበትም።  አያ ጫኔ ግን ለአሳላፊው "ውኃ አድርሱላቸው፤ እጃቸውን አልታጠቡም" አለ። "እጃቸውን" ያለው ለአንድ ትልቅ ሰው ይሁን ለሁለቱ አልለየም፤ የጠየቀውም የለም። አሳላፊው ውኃውን ይዞ ሄደ።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ስለሆንሁ ከካህናቱ መሶብ ነበርሁ። ብላ እንጂ እያሉ ያጎርሱኛል። በላሁ። ዛሬ የሚቆጨኝ መብላቴ ብቻ አይደለም፤ ምግቡ ጥሞኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሌላ ማኪና ተሳፍረን ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ፈንታሁን ስንቁ እስኪዘጋጅ ቀርቷል፤ ሰኞ ሊልከው አባቱ ምሏል። አምባ ጊዮርጊስን ዞር ብለን ካለፍን በኋላ አቶ ታፈሰ "ሐዲስ፣ ያን ቃል ስነግርህ ብዕርህ ቆሞ ነበር። ታውቀው ነበር?" አሉኝ። አላውቀውም ነበር ጋሼ አልኋቸው። ቀዩስ ለምን ነው አሉኝ። ለማሳመር ነው አልሁ። "እሺ" አሉ። 

ፈንታሁን ሰኞ መጣ፤ ትምህርቱንም ጨረሰ። በኋላ ጎንደር ውስጥ የእሱ እጅ ያልነካው ማኪና አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የወገራ ገበሬ ወፍጮው ሲቆም የሚልከው ወደ እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ወዳጄ ሆኖ ኖረ፤ የወንድ ልጄ ክርስትና አባት እሱ ነው። ያረፈ ጊዜ ቤተሰቡ ጽሕፈቴን ያውቃሉና የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍልን አሉኝ። ጻፍሁ፤ ቀብሩ ላይም ያነበብሁት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ዘመን በአንድ መስመር አለፍሁት።

የአቶ ታፈሰ ወሬ ከእኛ ማኪና ቀድሞ ጎንደር ገብቷል። ያከራዩዋቸው ሴትዮ ቤቱን ለዘመዴ እፈልገዋለሁ አሏቸው። አብረዋቸው ምሳ ይበሉ የነበሩ አስተማሪዎች ጨጓራዬን አመመኝ ማለት አበዙ። ጥቂት ወላጆች ልጆቻቸውን ከእጅ ሥራ ክፍል አስወጡ፤ አባቴም እውነት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ እኔ እንጃ አልሁት። እሳቸው ግን ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሠሩ። ደብዳቤውንም ከእኔ አልነጠቁኝም። እንደ ወትሮው ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፤ ብቻ አንድ የምስጋና ቃል ላይ በደረሱ ቁጥር ቆም ይሉና፣ ይህ ቃል በእናንተ አገር ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ይቀጥላሉ። ቢቆጡኝ፣ ቢመቱኝ እንዴት በወደድሁ።

የዓመቱ መጨረሻ ደብዳቤዎች ተጽፈው ሲያልቁ የእኔ ብቻ ቀረ። ያንተን እኔ እጽፈዋለሁ አሉኝ። ጽሕፈታቸው አያምርም ነበር፤ ብዙ ቆይተው ጻፉት፤ አሽገው በእጄ ሰጡኝና ለአባትህ አድርስ አሉኝ። የሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ አገር መዛወራቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ ቀሐ ድልድይ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜአለሁ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ መወርወር ብቻ ነው። ግን ከዚያም በላይ ውሸት መሸከም የማልችል መሰለኝና ወደ ቤት ሄድሁ።

አባቴ ደጃፋችን ላይ ከሁለት ደብተራዎችና ከድጓ ተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሰው ባይኖር ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። አባቴ ማኅተሙን ቀደደና እንደ ልማዱ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። "የተከበሩ መሪጌታ፤ ልጅዎ ሐዲስ በእንጨት ሥራ ደካማ ነው። ጽሕፈቱ ግን ከእኛ ከአስተማሪዎቹም ይበልጣል። የሚጽፈውን የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ጠንቅቆ ያውቃል" ይላል።

አባቴ የመጨረሻውን መስመር መልሶ አነበበው። ደብተራዎቹ ትምህርት ማለት ይህ ነው አሉ። እናቴ ከውስጥ ሰምታ እልል አለች። አባቴ እንባ ባቀረረ ዓይኑ አየኝ፤ ጋቢውን ሰብስቦ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ሄጄ ተቀመጥሁ።